የልጆቼ እናት መሆኔን ያስረዱልኝ ወረቀቶች

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ አምስት ዓመት ያለፋትን ሴት ልጄንና ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩትን ወንድ ልጄን ይዤ ጀርመን ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ለመሄድ ስነሳ፣ የሚያስፈልገኝ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ አብሮን አልሄደም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ በፒያሳ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በካዛንቺስና በአራት ኪሎ መካከል የተመላለስኩበትን መንገድ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምልልስ የመጣው ከቪዛው ክብደት ሳይሆን አንድ ነገር አስቀድሜ ባለማወቄ ነው። ይኸውም በእኛ የስም አጠራር ሥርዓት የእናትና የልጅ ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ቃል የማይገኝባቸው መሆኑ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ልጅ አበበ ከበደ ተሰማ ቢባል፣ በፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚሰፍረው የአያቱ ስም፣ ማለትም ተሰማ ነው። በአባቱ ፓስፖርት ላይ በዚያው ቦታ የሚገኘው የተሰማ አባት ስም ነው። እናቱ ደግሞ በጋብቻ ስሟን ስለማትለውጥ የራሷን አያት ስም እንደያዘች ትኖራለች። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አባት፣ እናትና ልጅ ለባዕድ አገር የጠረፍ ሹም የሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ሰዎች ሆነው ይታያሉ፤ በስም የሚመሳሰሉት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ብቻ ናቸው። ለእኛ ይህ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። ሕፃናት ከአንደኛው ወላጅ ፈቃድ ውጭ ከአገር አገር እንዳይወሰዱ የሚጠብቅ ሰው ግን፣ ሁለት ሕፃናት በስም ከማትዛመዳቸው ሴት ጋር ብቻቸውን ሲመጡ መጠየቁ ሥራው ነው። በዚህ ዓይነቱ የልጅ መወሰድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 ሄግ ውስጥ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደርሷል፤ ብዙ አገሮች ጥያቄውን በየጠረፋቸው የሚያነሡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህንን መጀመሪያ የነገሩኝ ሰው የኤምባሲ ሠራተኛ ወይም ጠበቃ አልነበሩም። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ማመልከቻ ሊጽፉልኝ ተቀምጬ ሳለ ጉዞዬን አነሣሁባቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ስምሽን ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሰው ሞግዚታቸው ትመስይዋለሽ እንጂ እናታቸው አትመስይውም፤ የልደት ሰርተፊኬታቸው እጅሽ ላይ ነው?» አሉኝ። እጄ ላይ ነበር። አንብቤው ግን አላውቅም ነበር።

የልደት ምስክር ወረቀት የልጁን፣ የእናቱንና የአባቱን ሙሉ ስም በአንድ ገጽ ላይ የሚያገናኝ ዋናው ሰነድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው የሚከናወነው በወረዳ ነው። በአዲሱ ሥርዓት መመዝገብ የተጀመረው በሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ትልቅ ልጅ ያለውና በእጅ የተጻፈ አሮጌ ሰርተፊኬት የያዘ ወላጅ ማደስ ያስፈልገው እንደሆነ ከሁሉ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል። የእኔ ሁለቱ ልጆች ከዚያ በኋላ የተወለዱ በመሆናቸው ነገሩ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር።

ሴት ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሆስፒታሉ የሰጠን ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 16 ቀን 2019 ይላል፤ ልደቷንም ሁልጊዜ የምናስበው በዚህ ቀን ነው። የምስክር ወረቀቷን በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና ሳነበው የአማርኛው ቀን ትክክል ሆኖ የእንግሊዝኛው ኦክቶበር 15 ይላል። ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ የግድግዳ ካላንደር አውርደን ከባለቤቴ ጋር ቆጠርን። ትክክለኛው የሆስፒታሉ ነበር። 2011 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ በዚህም ምክንያት የ2012 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ዋለ። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም በ2008፣ በ2012 ወይም በ2016 ዓ.ም. ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ የተወለደ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ይህን አንድ ቀን ይፈትሽ፤ የተለመደውን ስሌት በቃሉ የሚሠራ ጸሐፊ በቀላሉ ያልፈዋል። የጎረቤታችን ልጅ በጳጉሜን የተወለደ በመሆኑ የእሷ ችግር ሌላ ነበር፤ አንድ ቦታ የገጠማት ቅጽ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ የልጁን ልደት ወደ መስከረም አሻግሮት ነበር።

አንድ ቀን ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ለጥቂት ሰዓታት ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ፓስፖርቱ የሚሠራው በልደት ምስክር ወረቀቱ መሠረት ነው። ፓስፖርቱ 15 ብሎ ከወጣ ቪዛውም፣ የጉዞ ዋስትናውም፣ ቲኬቱም 15 ማለት አለባቸው፤ የክትባት ካርዷና የሆስፒታሉ ወረቀት ግን 16 እንዳሉ ይቀራሉ። ልጅቷ አድጋ ለትምህርት ስታመለክት ይህ ልዩነት እየተከተላት እንደሚኖር ስላሰብን ፓስፖርት ከማውጣታችን በፊት ማስተካከሉን መረጥን። የሆስፒታሉን የልደት ማሳወቂያና የክትባት ካርዷን ከማመልከቻ ጋር ይዘን ወደ ተመዘገበችበት ወረዳ ሄድን። እርማቱ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደብን፤ በመካከሉም ሌላ ግድፈት አገኘን። የባለቤቴ ስም በ«ፀ» የሚጀምር ሲሆን፣ በፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በቲ እና በኤስ ተጽፏል፤ በወንዱ ልጃችን ሰርተፊኬት ላይ ግን ኤሷ ተዘላለች። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሰው ሆኖ ማለት ነው። ያንንም አብረን አሳረምን። ለወለደ ወዳጄ ሁሉ አሁን የምነግረው ነገር ቢኖር፣ ልደት ለማስመዝገብ ሲሄድ የእናትና የአባትን ፓስፖርት ይዞ እንዲሄድ፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል እንዲገለበጥ እንዲጠይቅና ከመስኮቱ ሳይለቅ ቆሞ እንዲያነብ ነው። ወረቀቱን በፎልደር ከቶ ከሄደ በኋላ የሚገኝ ስህተት ዋጋው ሌላ ነው።

ፓስፖርቱ ራሱ ከጠበቅነው በላይ ቀና ሆነ። በኢንተርኔት አመልክተን ቀጠሮ ከያዝን በኋላ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ወደሚገኘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከሁለቱም ልጆች ጋር፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸውንና የሁለታችንንም መታወቂያ ይዘን ሄድን። ቀደም ባለው ዘመን በብዙ አገሮች ልጅን በእናቱ ፓስፖርት ላይ ማስመዝገብ የተለመደ ነበር፤ እናቴም ይህን እያስታወሰች «ለጡት ልጅ ፓስፖርት!» ብላ ስቃብኛለች። ዛሬ የአራስ ልጅም የራሱ ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ልብ ሊባል የሚገባው የአገልግሎት ዘመኑ ነው፤ የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ሲሆን፣ ብዙ አገሮች ደግሞ ከመመለሻ ቀን በኋላ ለተወሰኑ ወራት የሚጸና እንዲሆን ይጠይቃሉ። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች፣ ከግዛታቸው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ይላሉ፤ ስድስት ወር የሚሉም አሉ። ወላጅ የራሱን ሲያይ የልጁን ይረሳል፤ የእህቴ ጓደኛ የሴት ልጇ ፓስፖርት ሊያልቅ ሁለት ወር እንደቀረው ያወቀችው ቲኬት ከቆረጠች በኋላ ነበር።

ለቪዛው የሚያስፈልገው ፎቶግራፍ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጀርባው ነጣ ያለ፣ የልጁ ዓይን የተገለጠና የማንም እጅ የማይታይበት መሆን አለበት። ወንዱን ልጄን ፒያሳ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ወንበር ላይ ልናስቀምጠው ብንሞክር ሊረጋልን አልቻለም። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፈ፤ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱ በርጩማ ላይ ቆሞ ከላይ አነሣው። እኔ ቁልፍ እያንቀጨልኩ ዓይኑን እስብ ነበር። ሙያው እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም ደስ ይላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው የአባት ፈቃድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያባከንኩበት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ ያሉ አባትና እናት ደግሞ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት በጋራ ነው። ስለዚህ አንደኛው ልጁን ይዞ ከአገር ሲወጣ የሌላውን ስምምነት በጽሑፍ መያዙ ከሕጉ መንፈስ የሚመጣ እንጂ የቢሮክራሲ ፈጠራ አይደለም። እኔ ግን ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤት ጉዳይ የሰጠኝ ሙሉ ውክልና ስላለኝ ይበቃል ብዬ ገመትኩ። ውክልናው ሰፊ ነው፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ መክሰስ፣ መከሰስ፣ ሁሉንም ይላል። የቪዛ ሰነዶቼን የተቀበለችው ወጣት ገልጣ ካየችው በኋላ በትሕትና «እህቴ፣ ይሄ እርስዎ በእሳቸው ስም ምን ማድረግ እንደሚችሉ ነው የሚናገረው፤ ልጆቹ ከእርስዎ ጋር እንዲሄዱ መስማማታቸውን የሚናገረው የት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ባለቤቴ ብዙ ሰው ዛሬም «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ቀርቦ ለዚህ ጉዞ ብቻ የሚሆን የስምምነት ሰነድ ፈረመ። መታወቂያውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንንና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ነበር የሄደው። ረቂቁን የጻፉልን እነዚያው የፒያሳው አዛውንት ናቸው። በውስጡ የልጆቹ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር፣ የእኔ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የምንሄድበት አገርና ከተማ፣ የምናርፍበት የእህቴ አድራሻ፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ ወጪውን የሚሸፍነው ሰው፣ እንዲሁም አባታቸው የሚገኝበት ስልክ ቁጥር አለ። የመመለሻውን ቀን ስናስገባ አዛውንቱ ሁለት ሳምንት ጨምረን እንድንጽፍ መከሩን፤ ልጅ ቢታመም ወይም በረራ ቢቀየር ሰነዱ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ነው። ስልክ ቁጥሩንም ባለቤቴ ሌሊትም ቢሆን የሚያነሣው እንዲሆን አደረግን፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሚመጣው የጠረፉ ሹም ባለበት ሰዓት እንጂ እኛ በምንፈልገው ሰዓት አይደለም።

ቀጥሎ ትርጉም ነው። የስምምነቱን ሰነድ ፈቃድ ላለው የትርጉም ቤት ስንሰጥ የሁላችንንም ፓስፖርት ቅጂ አብረን ሰጠን፤ አለበለዚያ ተርጓሚው ስሞቹን እንደመሰለው ይጽፋቸዋል፤ ያ ሁሉ የፊደል እርማትም ከንቱ ይሆናል። ከዚያ ሰነዶቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲረጋገጡ ተደረገ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚኒስቴሩ ማኅተም በሰነዱ ውስጥ የተጻፈው ነገር እውነት ነው ብሎ የሚመሰክር አይደለም፤ የሚያረጋግጠው ከእሱ በፊት ያለው መሥሪያ ቤት ማኅተምና ፊርማ ትክክለኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ ማኅተሞቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ቀለበት ከተዘለለ ቀጣዩ መስኮት ይመልሳል። ወረቀቱን ይዞ ከመሰለፍ በፊት ከማን በኋላ ወደ ማን እንደሚሄድ በየመስኮቱ ጠይቆ መጻፍ ያዋጣል። ከካዛንቺስ ወደ ፒያሳ በዝናብ የተመለስኩባት አንዲት ከሰዓት በኋላ ይህን አስተማረችኝ።

የቤተሰቡ ሁኔታ ከእኛ ለተለየ ሰው ወረቀቱም ይለያል። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ልጇን ይዛ ስትሄድ በስምምነቱ ምትክ የያዘችው የባሏን የሞት ምስክር ወረቀት ነው። የተፋቱ ወላጆች ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር የወሰነውን የፍርድ ቤት ውሳኔ መያዝ ይኖርባቸዋል፤ ውሳኔው ስለ ውጭ ጉዞ ዝም ካለ ደግሞ የሌላው ወላጅ ስምምነት አሁንም ሊጠየቅ ይችላል። ልጁ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር የሚሄድ ከሆነ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ያስፈልጋል። ብቻውን የሚበር ልጅ ከሆነ አየር መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለው ልጅ ልዩ የአጀብ አገልግሎት አላቸው፤ እዚያም የሚያደርሰውና የሚቀበለው ሰው ስም በቅጽ ላይ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት።

ስለ ቪዛው ብዙ አልጽፍም፤ ደንቡ በየአገሩ ይለያያልና። እኛን የገጠመን የሸንገን ደንብ ግን ለልጆች እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ማመልከቻ ይሞላል፤ የሚፈርሙትም ወላጆች ናቸው። ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አሻራ አይሰጥም። ስድስት ዓመት ያልሞላው የቪዛ ክፍያ የለበትም፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 እስኪሞላው ድረስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ወዲህ 45 ዩሮ ሲሆን የአዋቂው 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ግን አይሆንም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትናም ለጡት ልጅ ሳይቀር ለየአንዳንዱ ያስፈልጋል። ዋስትናውን የሸጠልን ሰው ሕፃኑ ከእኔ ጋር ይቆጠራል ብሎ ነበር፤ ጠይቄ ስሙን ባላስገባው ኖሮ ማመልከቻው ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ቲኬቱ ላይ ደግሞ የዕድሜ ነገር ሌላ ወጥመድ ነበረው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ አሥር በመቶ ያህል ከፍሎ ይሄዳል። የእኛ ልጅ የተወለደው ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የምንነሣው ሐምሌ 10 ስለነበር ሲሄድ ሕፃን ነው። ሲመለስ ግን ሁለት ዓመት ስለሚያልፈው የራሱ ወንበርና የልጅ ዋጋ ያስፈልገዋል። ይህን ሳይናገሩ በሕፃን ዋጋ ደርሶ መልስ የቆረጡ ሰዎች በመመለሻው ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ውድ ቲኬት ለመግዛት ይገደዳሉ። ስሙም በቲኬቱ ላይ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሆኖ መግባት አለበት፤ የቤት መጠሪያው፣ እኛ በፍቅር የምንጠራው፣ እዚያ ቦታ የለውም።

አንድ ወረቀት ለጀርመን ባያስፈልገንም ላነሣው እወዳለሁ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሕንድ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎችም አገሮች የሚሄድ ሰው ካርዱን ይጠየቃል፤ ሕፃን መሆን ነፃ የሚያደርገው እስከ ተወሰነ ዕድሜ ብቻ ነው። ለሕንድ 9 ወር፣ ለደቡብ አፍሪካ 1 ዓመት ነው ወሰኑ። ካርዱ መጽናት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በጉዞ ዋዜማ የሚወሰድ ክትባት አይረባም፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን አንዴ የተሰጠ ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሰው ሁሉ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል፤ በዚያው ስም የሚጠራ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያም ስላለ፣ የባሌ እህት በስልክ «ቢጫ ካርድ ያዢ» ተብላ ስለ ዜግነት የተጠየቀች መስሏት አንድ ቀን ሙሉ ስትጨነቅ ውላለች።

የጉዞው ምሽት ቦሌ ደርሰን ሻንጣ የምናስረክብበት መስኮት ፊት ስንቆም ሠራተኛዋ ሦስቱንም ፓስፖርት አገላብጣ «የአባታቸው ስምምነት አለ?» አለች። ነበር፤ ግን ያን ሁሉ ወራት የደከምኩበትን ፎልደር እንዳይጠፋብኝ ብዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከልብሱ ሥር ከትቼዋለሁ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ቆሟል፤ ወንዱ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፤ ሴቷ ውኃ ጠማኝ ትላለች። ሻንጣውን ወለል ላይ ከፍተን ለእህቴ የያዝነውን በርበሬና ሽሮ ወደ ጎን እያደረግን ፎልደሩን አወጣን። አየር መንገዶች ይህን የሚጠይቁት ለጠረፍ ሹሞች አዝነው አይደለም፤ ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ካጓጓዙ መልሰው የሚያመጡት በራሳቸው ወጪ ነው፤ ብዙ አገሮችም ቅጣት ይጨምሩባቸዋል። ፓስፖርት ቁጥጥሩ ላይም ሹሙ ያንኑ ሰነድ አየና የባለቤቴን ስም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አመሳከረ። ፎልደሩ ከዚያ በኋላ ከእጄ አልወጣም፤ የሁሉንም ሰነድ ፎቶ ቀደም ብሎ ለእህቴና ለባለቤቴ በስልክ ልኬ ነበር።

ፍራንክፈርት የደረስነው ማለዳ ነው። የጠረፍ ፖሊሱ የእኔን ፓስፖርት አየ፣ የልጆቹን አየ፣ ቀና ብሎ ሦስታችንንም አየ። ከዚያም ወደ ሴት ልጄ ጎንበስ ብሎ በቀላል እንግሊዝኛ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቃት። ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ያለማመድናት ልጅ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። ምንም ሳልናገር የልደት ምስክር ወረቀቶቹን ከፎልደሩ አውጥቼ ሰጠሁት። የእናት ስም የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ከፓስፖርቴ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየ፤ የአባትን ስም ከስምምነቱ ሰነድ ጋር እንዲሁ አደረገ፤ የመመለሻችንንም ቀን ጠየቀኝ። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ያች የተዘለለች ኤስ እዚያ መስመር ላይ ቆማ ብትቀር ኖሮ ግን ስንት ደቂቃ ይሆን እንደነበር ሳስበው ነበር ወደ ሻንጣ መቀበያው የሄድኩት።

በነሐሴ መጨረሻ ስንመለስ በሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች ማንም ምንም አልጠየቀንም። ፎልደሩ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቶቹ ለሌላ ጊዜም ያገለግላሉ፤ የስምምነቱ ሰነድ ግን ለዚያ ጉዞና ለዚያ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ስለነበር ሥራውን ጨርሷል። እህቴ ለሚቀጥለው ዓመት እንድንመጣ እየጠየቀች ነው፤ ሴቷ ልጄ ስድስት ዓመት ስላለፋት 45 ዩሮ ይከፈልባታል፤ ባለቤቴም ለአዲሱ ስምምነት ወደ ውልና ማስረጃ የሚሄድበትን ቀን ከወዲሁ ካላንደሩ ላይ አክብበነዋል።